የጎረቤታችን እርሳስ

ታናሽ ወንድሜን ያበላሸብንን ሰው እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። የማለት ሐሳብም የለኝም።

አሰላ ውስጥ ግቢያችንን ከእሱ ግቢ የሚለየው ሳሳ ያለ የባሕር ዛፍ አጥር ብቻ ነበር። ሰውዬው የቀበሌው አብዮት ጥበቃ አዛዥ ነው፤ ሽጉጥ ይታጠቃል። በዚያ ዘመን የመኪና ባትሪ እንደ ልብ አይገኝም። እሱ ከመንግሥት እርሻ የተጣለ የትራክተር ባትሪ እያስመጣ ይሰብርና ውስጡ ያለውን እርሳስ በብረት ድስት አቅልጦ መልሶ ይሸጠዋል። ከጭላሎ የሚወርደው ነፋስ ጭሱን ይዞብን ይመጣል።

አባታችን ዘምቶ አልተመለሰም። ላማችን ከተሸጠች በኋላ ቤታችን ወተት የሚባል ጠፋ። እናቴ አጥሩ ሥር ጎመን ተከለች፤ ጠዋትም ማታም እሱኑ በቂጣ ነበር የምንበላው። ወንድሜ ገና ሕፃን ነው፤ አፈር ላይ ሲንደባለል ይውልና በዚያው እጁ ይበላል።

«ጎመን እንኳ አላሳጣኝ» ትል ነበር እናቴ።

መጀመሪያ ሆዱን አመመው። ከዚያ ፊቱ ገረጣ፤ አጥርቶ ይናገራቸው የነበሩ ቃላት ጠፉበት። አንድ ቀን ቁርስ እየበላን ዓይኑ ተገለበጠና ይንቀጠቀጥ ጀመር። እናቴ አዝላው ወደ ሆስፒታል ሮጠች፤ እኔ እህቱም ተከተልኳት።

ሐኪሙ ከንፈሩን ገልጦ ድዱ ላይ የተጋደመውን ጠቆር ያለ መስመር አሳየን።

«ሰፈራችሁ ውስጥ ባትሪ የሚያቀልጥ ሰው አለ?»

«አለ» አልኩት።

«እንግዲያው እርሳስ ነው የመረዘው።»

«እርሳስ?» አለች እናቴ። «ልጄ ገና ትምህርት ቤት አልገባም እኮ።»

ሐኪሙ አልሳቀባትም። አንጎል በደም ከሚመጣ መርዝ የሚጠብቀው መከላከያ እንዳለው ቀስ ብሎ ነገራት። የልጅ መከላከያ ገና አልጠነከረም፤ እርሳስ ጠቃሚ ማዕድን መስሎ ሾልኮ ይገባል፣ ከገባ በኋላም መከላከያውን ራሱን ያላላዋል። ወተትና ሥጋ ያጣ፣ ደም ያነሰው ልጅ ሲሆን ደግሞ አንጀቱ እርሳሱን አብዝቶ ይቀበላል።

«ጎመን አበላዋለሁ እኮ» አለችው።

«ጎመኑን ከየት ነው የሚያመጡት?»

እናቴ በነጠላዋ አፏን ያዘች።

ከሆስፒታል እንደወጣን እናቴ የሰውዬው በር ላይ ቆመች። «ጋሼ፣ እባክዎ ማቅለጡን ሌላ ቦታ ያድርጉት። ልጄ ሊሞትብኝ ነው።»

«ሴትዮ፣ የአብዮቱን ሥራ ልታደናቅፊ ነው?» ብሎ አባረራት።

የቀበሌ ስብሰባ ቀን እናቴ ጎመኑን ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ ነቅላ በሳፋ ተሸክማ ገባች። አዳራሹ ጢም ብሏል። ፊት ለፊት ሄዳ ሳፋውን እሱ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ ገለበጠችው።

«ልጄ የበላውን ብላ! በሰው ፊት ብላ!»

ያን ቀን «ጋሼ» ቀረ። ጠባቂዎቹ እየጎተቱ ወሰዷት፤ አሰሯት። ስንቅ አመላልስላት የነበርኩት እኔ ነኝ። በር ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ፣ ሰውዬው አንድ ቀን ተንበርክኮ ሲለምነን በዓይነ ልቦናዬ አየው ነበር። ደስ የሚለኝ ሐሳብ እሱ ብቻ ነበር።

የሰፈሩ ሴቶች ግን ሁሉንም ሰምተዋል። ልጆቻቸውን ከዚያ አጥር አራቁ፤ ሚስቱን ገበያ ላይ ሰላም የሚላት ጠፋ። በመጨረሻ ሰውዬው ማቅለጫ ድስቱን ጭኖ ከከተማ አወጣው። እናቴም ተፈታች። ወንድሜ ተረፈ፤ አእምሮው ግን ያኔ በነበረበት ቀረ።

ደርግ ወድቆ ሰውዬው ሥልጣኑን ሲያጣ ሽማግሌዎች ላከብን።

«ልጄ፣ ጊዜው አልፏል፤ ይቅር በሉት» አሉኝ ታላቃቸው።

ወንድሜን ጠራሁት። ጢሙ አቀምቅሟል። «ዛሬ ምን ቀን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ለሁሉም ፈገግ አለላቸውና ጫማውን ያየው ጀመር።

«አባባ፣ ይሄን አይተው አሁንም ይቅር በዪ ይሉኛል?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። እናቴ ቀስ ብላ «እኔስ ትቼዋለሁ» አለች።

«እኔ አልተውኩም» አልኳት።

ሰውዬው ውጭ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ሽማግሌዎቹን ስሸኝ ባርኔጣውን አውልቆ ዓይን ዓይኔን አየኝ። በሩን ፊቱ ላይ ዘጋሁት።