ሞተሩ ሳይጠፋ

ሆሳዕና ከተማ በተከራየኋት ክፍል ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት ወረቀት ቀኔን በሩብ ሰዓት ይከፋፍለው ነበር። ምሳ ሩብ ሰዓት፣ ገላ መታጠብ አምስት ደቂቃ። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ቆጮ በጉድጓድ ውስጥ ለስድስት ሳምንት ሲብላላ አሲዱ እንዴት እንደሚጨምር መለካት ነው። ማስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት የሰጠኝ ፈቃድ፣ ልኬቱን ስጀምር ሊያልቅ አሥር ሳምንት ቀርቶት ነበር። ካልጨረስኩ ያለ ዲግሪ ተመልሼ ጠመኔዬን መያዝ ነው።

ጉድጓዱ ሀቢቾ በምትባል መንደር፣ አክስቴ ጓሮ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሞተር እሄዳለሁ። ሞተረኛው ሳያጠፋ ደጅ ይጠብቀኛል፤ እኔ ናሙናዬን ጠርሙስ ውስጥ ከትቼ ውልቅ!

«ኧረ ልጄ፣ አረፍ በል! የምጠይቅህ ነገር አለ» ትለኛለች አክስቴ በር ላይ ቆማ።

«ሰዓት የለኝም! በሚቀጥለው!»

በሚቀጥለውም ያው ነኝ።

በአራተኛው ቅዳሜ ጉድ ፈላ። ሲጨምር የከረመው አሲድ ቁልቁል ወርዶ ቆጮው ገና ሰሞኑን ከእንሰቱ የተፋቀ መሰለ። መለኪያውን አጠብኩ፣ አስተካከልኩ፣ ሦስቴ ለካሁ። ያው ነው። «መሣሪያውን ማን ነካው?» ብዬ የላብራቶሪውን ቴክኒሻን ሰው ፊት ጮህኩበት። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ። እስከ ሰኞ እህል አልቀመስኩም።

ሰኞ ጠዋት ሀቢቾ ከነፍኩ።

«አክስቴ፣ ጉድጓዱን ነካሽው እንዴ?»

ፊቷ በራ። «አየኸው? ያ ያልደረሰ እንሰት ነበር፣ ጠቆረብኝ። ትልልቅ ሰዎች ፊት ሊቀርብ ነው አላልክም? የኔ ቤት ቆጮ ይሄ ነው ይበሉ? ማክሰኞ ለክፉ ቀን ያቆየሁትን ትልቁን እንሰት ቆርጬ፣ ጎረቤት ጠርቼ አስፋቅሁና ያንተን አውጥቼ በሱ ሞላሁልህ።»

ደሜ ፈላ። ልጮህ አፌን ስከፍት ከጀርባዋ ትልቁ እንሰት የነበረበትን ባዶ ቦታ አየሁ። እንሰቱን ስንት ዓመት እንዳሳደገችው አውቃለሁ።

«ምነው ሳትጠይቂኝ?» አልኳት።

«ልጠይቅህ ሦስት ቅዳሜ ወጣሁ። ሞተሩ ይጮሃል፣ አንተ ትሮጣለህ።»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት እኔ ነኝ። በጣቴ ቆጠርኩ። ከማክሰኞ ተነስቼ ስድስቱን ሳምንት እንደ አዲስ ብጀምር፣ ለመጻፍ ካሰብኩት አራት ሳምንት የሚተርፈኝ አንዷ ብቻ ናት። ግን አንዷም ሳምንት ናት።

ወጥቼ ሞተረኛውን «አጥፋው» አልኩት። ገብቼ ከአክስቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጓሮው ጸጥ አለ።

«እስቲ ንገረኝ፣ ይሄ ጥናት የምትለው ስለ ምንድን ነው?» አለችኝ።

ለካ ትልልቅ ሰዎች ፊት ይቀርባል ከማለት በቀር ስለ ምን እንደሆነ አንድም ቀን አልነገርኳትም።