ዶሮ እንድትታቀፍ የሰጠሁት ምክር

ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የምሳለመው አቀርቅሬ ነው። ጥፋቴን ልንገራችሁ።

ደባርቅ ላይ አጥር የምንጋራቸው እትዬ ብርቄ ወሬ ከያዙ ድምፃቸው ተራራው ላይ ካለው ቡይት ራስ ድረስ ይሰማል። አንድ ጠዋት ዳዊቴን ስደግም በአጥሩ ብቅ አሉና፣ “ኧረ ይቺ ዶሮ አልታቀፍ አለችኝ! ለጫጩት ያልኩት እንቁላል ሊበላሽብኝ ነው። አንተ የጸሎት ሰው፣ መላ የለህም?” አሉኝ።

ጸሎቴን ስላቋረጡኝ ተናድጄ፣ “ባለቤቷ ሦስት ቀን አንዲት ቃል ካልተነፈሰች ትታቀፋለች” አልኳቸው። ቀልዴን ነበር። እሳቸው ግን የጸሎት ሰው ይዋሻል ብለው አላሰቡም።

በማግስቱ ሰላም ስላቸው ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። በሁለተኛው ቀን እህታቸው ከአምባ ጊዮርጊስ መጥታ ብትጠራቸው መልስ አጣች። “እህቴን ምን ነካብኝ!” ብላ እሪ አለች። ጎረቤቱ ተሰበሰበ፤ የነፍስ አባታችንም ጠበልና መስቀል ይዘው ደረሱ። “ማን ነህ? ተናገር!” እያሉ ሲረጩባቸው እኔ በሩን ተደግፌ ቆሜአለሁ። እውነቱን ልናገር እላለሁ፣ ሐፍረት አፌን ይይዘኛል።

በመጨረሻ እትዬ ብርቄ አልቻሉም። ወደ አልጋው ሥር እያመለከቱ፣ “አባ፣ ኧረ ቀስ ይበሉ! ገና ዛሬ መታቀፏ ነው፤ ያስነሱብኛል” ብለው አንሾካሾኩ። ጎንበስ ብለን ብናይ፣ እውነትም ዶሮዋ እንቁላሉ ላይ ክንፏን ዘርግታ ተኝታለች።

“ማነው ዝም በይ ያለሽ?” አሉ አባ።

እትዬ ብርቄ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። አባም የቀረውን ጠበል ይዘው ወደ እኔ መጡ።