ለሰባት ሰው የተሠራው ፍርግርግ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት የፍሪጅ መደርደሪያ ብብቴ ሥር ሸጉጬ በደብረ ታቦር ገበያ ስዞር አረፈድኩ። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያየኛል። አንዱ ባለሱቅማ «ፍሪጁንስ የት ጣልከው?» ብሎኛል...

ነገሩ እንዲህ ነው። በረንዳዬ ላይ ክብ፣ ክዳን ያለው፣ በሦስት እግር የሚቆም የከሰል መጥበሻ አለ። ያመጣው አብሮኝ ተከራይቶ ይኖር የነበረው የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ መላኩ ነው። እሑድ እሑድ ሥጋ እንጠብስ ነበር። የግቢው ሰውም፣ የመሥሪያ ቤቱም ልጅ ሽታውን ተከትሎ ይመጣል፣ በረንዳው ይሞላል። መላኩ ወደ ባሕር ዳር ሲዛወር መጥበሻውን ለኔ ተወልኝ። ሰዎቹን ግን ይዟቸው ሄደ መሰለኝ... ከዚያ ወዲህ የመጣ የለም።

ክዳኑ ተከፍቶ አራት ወር ዝናብ ሲወርድበት ከርሞ ሥጋው የሚደረደርበት የብረት ፍርግርግ ዝጎ ተሰባበረ። የአከራዬ ዶሮም ባዶ መሆኑን አይታ ውስጡ እንቁላል መጣል ጀመረች።

እና አሰብኩ... ፍርግርጉን ካሠራሁ እሳት አነዳለሁ፤ እሳት ካነደድኩ ሰው ይመጣል። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ብቻውን ሲበላ የከረመ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ያስባል።

ሱቆቹ ያላቸው ቀጭን የሽቦ ፍርግርግ ብቻ ነው፤ ለኔ መጥበሻ ያንሳል። በመጨረሻ ጋሼ ሰይድ ዘንድ ሄድኩ። በርና መስኮት የሚበይዱ ሽማግሌ ናቸው። መደርደሪያውን ሰጥቻቸው «ይህን በክቡ ልክ ይቁረጡልኝ» አልኳቸው። በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉት።

«ይሄ እኮ የፍሪጅ ነው።»

«አዎ ጋሼ፣ ከአሮጌ ፍሪጅ የወጣ ነው።»

«ዕድሜውን በብርድ የኖረን ብረት ምነው እሳት ላይ ታወጣዋለህ? ቅቡ ሲግል ይላጥና ሥጋህ ላይ ነው የሚቀመጥ። ተወው!»

ካላቸው ብረት ውስጥ ቱቦ ያልሆነውን፣ ድፍኑን ክብ ዘንግ መረጡልኝ። ልኩን ጠየቁኝ። እኔ ቀያሽ ነኝ፤ መለካት እንጀራዬ ስለሆነ እስከ ሚሊሜትር ድረስ ወረቀት ላይ ጽፌ ይዣለሁ። የብረቶቹ ክፍተት «ከጣት አይለፍ፣ ሥጋው ከሰሉ ውስጥ ይገባብሃል» አሉ። ረጅም መቆንጠጫም ያስፈልግሃል አሉኝ። ሁሉንም እሺ አልኩ። ከዚያ ያልለካሁትን ጠየቁኝ።

«ለስንት ሰው ነው?»

ወረቀቴን ገልብጬ አየሁ፤ እሱ ላይ የለም። እሳቸው ቀጠሉ።

«ሰው ከበዛ ሥጋው ሳይነሳ ከሰል መጨመር አለ። ለዚያ ግራና ቀኙን የሚከፈት መዝጊያ አደርግለታለሁ። ለአንድ ለሁለት ሰው ከሆነ ግን ምን ያደርግልሃል፣ ትርፍ ድካም ነው።»

«ለሰባት» አልኩ። ከየት እንዳመጣኋት እንጃ።

«ማሻ አላህ! ሰው ያለው ቤት!»

ከሰዓት ስመለስ ፍርግርጉ አልቋል። ብየዳው ተሞርዶ ለስልሷል፣ መዝጊያዎቹ ያለ ድምፅ ይከፈታሉ ይዘጋሉ። ለኔ ተብሎ እንዲህ ያማረ ነገር ተሠርቶልኝ አያውቅም። ደስታዬ ሳላስበው በአፌ ወጣ።

«ጋሼ ሰይድ፣ ነገ አንቱም ይምጡ እንጂ! አብረን እንበላለን!»

ወዲያው ደነገጥኩ። እሳቸው ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን። እኛ አገር እሳቸው የኔን ሥጋ አይበሉም፣ እኔም የሳቸውን አልበላም። ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም።

«ይቅርታ ጋሼ... ረስቼው ነው።»

«ምን ይቅርታ አለው? ረስተህም ቢሆን ጠራኸኝ» ብለው ሳቁ። «ደሞስ ሰባት ሰው እያለህ እኔን ምን ታደርገኛለህ?»

እዚህ ላይ ስቆ ማለፍ ይቻል ነበር። አልቻልኩም።

«ሰባት የለም ጋሼ... አንድም የለም።»

የብየዳ መነጽራቸውን ከግንባራቸው ላይ አወለቁ። አልሳቁብኝም፤ አይዞህም አላሉኝም። ፍርግርጉን ከእጄ ተቀብለው ግድግዳው ላይ አስደገፉትና «ነገ ና» አሉኝ። በቃ፣ መዝጊያዎቹን ሊነቅሏቸው ነው ብዬ ሄድኩ። ትርፍ ድካም ነው ብለውኝ የለ...

ቤት ገብቼ ለመላኩ ደወልኩለት። ከኋላው የሰው ሳቅ ይሰማል። «መልሼ ልደውልልህ» አለኝ። አልደወለም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሄድኩ። ፍርግርጉ ከነመዝጊያዎቹ እንዳለ ነው። ከጎኑ ግን ሌላ ትንሽ ፍርግርግ ተቀምጣለች፤ አዲስ ናት፣ ገና አመድ አልነካትም።

«ይችን ሥጋ እንዳታስነካት» አሉኝ።

«ታዲያ ምን ይጠበስባት?»

«ድንች።»

«ጋሼ፣ እኔ እንኳ ድንች ብዙም አልወድ...»

«አንተን ማን ጠየቀህ? የኔ ናት። አሥር ሰዓት ላይ እመጣለሁ፤ እሳቱን አያይዘህ ቆየኝ።»

ሰፈሬን ነግሬያቸው፣ ሁለቱንም ፍርግርግ ተሸክሜ፣ ሥጋ ሳልገዛ ወደ ቤቴ ሮጥኩ ማለት ይቻላል። ዶሮይቱን ይቅርታ ጠይቄ እንቁላሏን አነሳሁ፣ መጥበሻውን አጠብኩ፣ ከሰሉን አቀጣጠልኩ። ከጉና ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ሰዓቴን ስንት ጊዜ እንዳየሁ አልነግራችሁም። ባይመጡስ?

አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ የግቢው በር ተንኳኳ። ጋሼ ሰይድ ፌስታል አንጠልጥለው ቆመዋል። ቁጭ እንኳ ሳይሉ ድንቾቹን አንድ በአንድ ትንሿ ፍርግርግ ላይ ደረደሯቸው። ከዚያ በመቆንጠጫው እየነኩ ጮክ ብለው ቆጠሩልኝ።

«...ስድስት፣ ሰባት። ይኸው! ሰባት ስትል አልዋሸህም።»

ጭሱ ነው ብዬ ዓይኔን ጠረግኩ። አራቱን እሳቸው በሉ፣ ሦስቱን እኔ... ድንች አልወድም ያልኩት ብቻ ውሸት ሆኖ ቀረ።