አባየ ስድብ የተዉበት ክረምት

ባለፈው የሚካኤል ዕለት የማኅበራችን ጽዋ ተራው የአንድ መምህር ነበረና እዚሁ ወረታ በቤቱ ተሰበሰብን። መምህሩ ከአዲስ አበባ ተዛውሮ የመጣ፣ አፉ የታረመ ወጣት ነው። ጠላው ሁለት ጊዜ ከዞረ በኋላ ተነሣና፣ «እኛ አዋቂዎቹ ከዕለት ንግግራችን ስድብን እንተው። ልጆች የሚማሩት ከእኛ ነው» አለ። ሁሉም «ይበል!» ብለው እጃቸውን አወጡ። የኔ እጅ ጉልበቴ ላይ ቀረ።

«እትየ ብርቄ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አለኝ።

«ቆይ፣ ላስብበት» አልሁት። ያሰብሁት ግን አባቴን፣ አባየን ነበር።

አባየ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ነበሩ። ስድባቸው ከጅራፋቸው ቀድሞ ይደርሳል ይባልላቸው ነበር። ቦራና ዳልቻ የሚባሉ ሁለት በሬዎች ነበሯቸው፤ ሁለቱም «የጅብ ራት!» ካልተባሉ እግራቸውን አያነሡም። እኔም ብሆን ከዚያ የተሻለ ስም አልነበረኝም። ከማሳው ዳር ሆነው «አንቺ የጅብ ራት!» ሲሉ እኔ ከጓሮ «አቤት አባየ!» እል ነበር። ስሜን ሲጠሩኝ የሰማሁት ስታመም ብቻ ነው፤ ስለዚህ ብርቄ ሲሉኝ እደነግጥ ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም። ከገበያ ሲመጡ ሸንኮራውን «እንኪ አንቺ ገልቱ» ብለው ነበር የሚሰጡኝ፤ ሸንኮራውም ይጣፍጥ ነበር።

አሥራ ስምንት ዓመቴ ላይ፣ በዐቢይ ጾም፣ አባየ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አንድ ሽማግሌ ሰደቡ። የንስሐ አባታችንም ቀኖና ሰጧቸው፦ ከእንግዲህ ሰውም ሆነ ከብት እንዳይሳደቡ። አባየ አንዴ እሺ ካሉ እሺ ነው።

ቤታችን ጸጥ አለ። አባየ ስድቡን ሲያወጡት ከሥሩ ሌላ ቃል አልተገኘም። ማታ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው ሊናገሩ አፋቸውን ይከፍቱና መልሰው ይዘጉታል። እናቴ «ደግ ሰው ሆነልኝ» እያለች ለጎረቤት ታወራ ነበር። እኔ ግን በገዛ ቤቴ እንግዳ የሆንሁ መሰለኝ።

ሰኔ ገባ። ፎገራ ሰኔ ላይ ዋልካ አፈሩ ውሃ ጠጥቶ እግር ይዞ አይለቅም፤ ሩዙ ሳይዘራ ጎርፉ ከቀደመ ደግሞ ዓመቱ ሄደ ማለት ነው። አባየ ቢያፏጩ፣ ቢለማመጡ፣ ጅራፍ ቢያጮሁ ቦራና ዳልቻ ንቅንቅ አላሉም። በሦስተኛው ቀን ጠሩኝ።

«አንቺ ስደቢልኝ» አሉ።

«እንዴ! ቀኖናውስ አባየ?»

«ቀኖናው የኔ ነው። አንቺን ማን ከለከለሽ?»

እሳቸው እርፉን ይዘው፣ እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ ከጎን እየሄድሁ፣ ስድባቸውን አንድ በአንድ ለበሬዎቹ አወረድሁት። «ውሃ ይብላህ! ከርሳም! የጅብ ራት!» በሬዎቹ ተንቀሳቀሱ። አባየ ከኋላ ሲስቁ ሰማኋቸው። ያን ሰሞን ደስ ብሎኝ ነበር፤ መቼም አልክደውም። ወደ ወረታ ገበያ የሚሄዱ ሰዎች መንገድ ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር።

ሳምንት አልሞላም፣ አንድ ማታ እናቴ ለልጃቸው ሊጠይቁኝ የነበሩት ሰዎች ሐሳባቸውን እንደለወጡ ነገረችኝ። «በሬ የምትሳደብ ልጅ ነገ ባሏን ትሳደባለች» ብለዋል አሉ። ልጁን አውቀዋለሁ፤ ወድጄውም ነበር። አባየም ሰሙ።

በማግስቱ እንደ ልማዳችን ወጣን። ዝናብ ነበር። ትልሙ መሀል ላይ አባየን ጭቃው አዳለጣቸውና በጉልበታቸው ወደቁ። በሬዎቹ ቆሙ። እኔ ከበላያቸው ቆሜ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ፣ «ተነስ እንጂ፣ አንተ የጅብ ራት!» አልሁ።

አባቴን አንተ ብዬ የማላውቅ ልጅ ነበርሁ።

አባየ ቀና ብለው አዩኝ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። እንዲሰድቡኝ ፈለግሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ የፈለግሁት ነገር የለም። አንድ ስድብ ቢመልሱልኝ እኩል እንሆን ነበር፤ እኔም አልቅሼ እግራቸው ላይ እወድቅ ነበር። አባየ ግን አፋቸውን ዘጉት። ከጉልበታቸው ላይ ጭቃውን በእጃቸው ጠረጉ።

«ይበቃል ልጄ። ወደ ቤት ሂጂ» አሉኝ።

ልጄ ብለውኝ አያውቁም ነበር።

ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። ዛሬ ስል፣ ነገ ስል ቀረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አባየ ያን ማሳ ብቻቸውን፣ ዝም ብለው፣ ስንዝር በስንዝር አረሱት። ከአካባቢው መጨረሻ የዘራነው እኛ ነበርን፤ ሩዙ ራስ ሳያወጣ ውሃ ዋጠው። ያን ዓመት ጓያ በላን። ማንም እኔን አልወቀሰኝም።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ወረታ ካገባሁ ወዲያ፣ ሲታመሙ ወደ ቤቴ አመጣኋቸው። አንድ ቀን ውሃ ሳጠጣቸው ደረታቸው ላይ ደፋሁባቸው። ጽዋውን እንደያዝሁ ጠበቅሁ። አንቺ ገልቱ እንዲሉኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ፣ ለማያውቁት ሰው እንደሚሉት።

በሳምንቱ ሞቱ። ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ እያየኝ እንባ አልመጣልኝም። ዛሬም አልመጣም። ስለ እሳቸው ሳወራ ስለ ሌላ ሰው አባት የማወራ ይመስለኛል።

መምህሩ ቤት የተሰበሰቡት ሰዎች መልሴን እየጠበቁ ነበር። «ስድብ መተውስ መልካም ነው» አልሁ በመጨረሻ። «በቦታው የምትሉትን ግን አስቀድማችሁ ተማሩ።» መምህሩ በትሕትና ሳቀ። የገባው አልመሰለኝም፤ እኔም አላብራራሁለትም።

ባጃጅ ይዤ ወደ ቤቴ ስመለስ አንዲት ላም አስፋልቱ መሀል ተኝታ ታመሰኳለች። ሾፌሩ ጡሩምባውን ቢያጮህ አልሰማችውም። አንገቱን አውጥቶ፣ «ተነሽ እንጂ፣ አንቺ የጅብ ራት!» ብሎ ጮኸ።

«አቤት» አልሁ ከኋላ።