በጋቢ የተሸፈነው ሬዲዮ

ባለፈው ሳምንት ሄርማታ ገበያ ከጓደኛዬ ጋር ስለ ሽንኩርት እያወራን፣ የስፌት መኪና ሲንኳኳ ሰማሁና ሳላስበው ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

በደርግ ጊዜ አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሬዲዮኑን በጋቢ ሸፍኖ የውጭ ጣቢያ ያዳምጣል። ድምፁ ደጅ እንዳይሰማ ደግሞ ስፌት የማታውቀው እናቴ መኪናውን ትረግጣለች። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ።

አንድ ምሽት የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ተፈራ ጠመንጃውን እንዳነገተ በሩን ከፍቶ ገባ። እናቴ ከድንጋጤዋ የተነሳ የገዛ ቀሚሷን ከጨርቁ ጋር ሰፋችው። ልትነሳ ስትል መኪናው አብሯት ተጎተተ።

«ሬዲዮ አላችሁ እንዴ?» አለ ተፈራ።

ከጋቢው ሥር የሬዲዮው ሰውዬ ዜናውን ያነባል። አባቴ «ወላ...» ብሎ ጀመረና በሐሰት መማሉን ፈርቶ መሐላውን ሳይጨርስ ተወው።

ተፈራ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ እባክዎ ቀስ ብለው ይርገጡ» አላት። «ውጭ ቆሜ ሳዳምጥ መኪናው እየጮኸ ግማሹ ያመልጠኛል።»

ሊያጠምደን ይሁን ወይስ የእውነት ዜና ፈልጎ፣ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ዜናው አልቆ ሲወጣ አባቴ በሩን ቀርቅሮ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«ልጄ፣ ማንም ምንም ቢጠይቅሽ አላውቅም በይ። ስምሽንም ቢሆን።»

አሁን ኪቶ ፉርዲሳ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የምትማረው ልጄ ደውላ «እማ፣ ለምሳ ምን ሠራሽ?» ስትለኝ፣ «በስልክ አይሆንም፤ ስትመጪ ታዪዋለሽ» እላታለሁ።