አያት የበዛባት ደሴት

ከደሴታችን የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። የዝዋይ ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚያነሳ ጀልባ የሚቀዘፈው በማለዳ ነው፤ ይህን እናንተ በባቱ፣ በመቂና በሀዋሳ የተበተናችሁ የደሴቷ ልጆች ታውቁታላችሁ፣ እኔ የምጽፈው ግን ሐይቁን አይቶት ለማያውቅ ሰውም ጭምር ስለሆነ ታገሡኝ። ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት አድሮ ነበር። የተጠበሰ የቆሮሶ ዓሣ ጠቀለሉልኝ፣ እንዳይሸት ብለው በላስቲክ ደገሙት፣ እማዬ ደግሞ ሻንጣዬን ደጋግማ እየፈታች ታስረዋለች። ጋምቤላ ዓሣ አለ ብላቸውም የሰማኝ የለም። የሌላ አገር ዓሣ ለእነሱ ዓሣ አይደለም።

ጀልባው ውስጥ ገብቼ ወደ ዳሩ ዞር ስል ነው ያየሁት። ሊሸኙኝ የወረዱት በሙሉ አሮጊቶች ናቸው። ከኋላቸው ምርኩዝ የያዙ ጥቂት ሽማግሌዎች ቆመዋል። አንድም እኩያዬ የለም። ቀዛፊው አባባ በየነ ራሳቸው ወገባቸውን ይዘው ነው የተቀመጡት።

«አባባ፣ ከእንግዲህ በዕድሜ ከሁሉም ልጅ የምትባለው ማን ናት?» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና «የዳኜ ሚስት ናት» አሉ። «እሷም ሰሞኑን ጉልበቴን አመመኝ ትላለች።»

ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ እሳቸው ቀዘፋቸውን ቀጠሉ።

እንዲህ ያልነበረበትን ጊዜ አስታውሳለሁ። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤቱ አግዳሚው ስለማይበቃ ትንንሾቹ መሬት ላይ እንቀመጥ ነበር፤ ጎረምሶቹ በጀልባ እየተሽቀዳደሙ እናቶቻቸውን ያስጮኹ ነበር። መጀመሪያ የሄዱት ወንዶቹ ናቸው። ዓሣው ሲቀንስ፣ የአባት መሬት ለአንድ ልጅ እንኳ አልበቃ ሲል፣ ለመስኖ እርሻ የቀን ሥራ ተሻገሩ። ቀጥሎ የአበባ እርሻው መጣና ሴት ልጆችን ፈለገ፣ ሴቶቹም ሄዱ። ከቀሩት ሽማግሌዎች አብዛኞቹ ከሚስቶቻቸው ቀድመው አንድ በአንድ አረፉ። ደሴቷ የሴት፣ ያውም የአሮጊት አገር ሆነች። እኔ የአዋላጅ ነርስነት ትምህርቴን ጨርሼ ብመለስ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ «ማንን ልታዋልጂ ነው? እኔን?» ብለው ሆዳቸውን መታ መታ አደረጉ። ሳቁ አልቆም ብሎ እንባ ሆነባቸው። ጋምቤላ የሥራ ማስታወቂያ ሲወጣ ያመለከትኩት ያን ሰሞን ነው።

መንገዱን አታስረዝሚው እንዳትሉኝ በአጭሩ ልናገር። በጅማ፣ በበደሌ፣ በመቱ አድርገን ጎሬ ስንደርስ ጋቢዬን ተከናንቤ ነበር። ከጎሬ በኋላ ቁልቁለቱ ሲጀምር ጋቢውን አወለቅሁ፣ ቀጥሎ ሹራቡን፣ ቀጥሎ ካልሲውን። ጋምቤላ ስንገባ ከዚህ በላይ የማወልቀው አልነበረኝም። ሻንጣዬን እንደያዝኩ በባጃጅ መጀመሪያ የሄድኩት ባሮ ዳር ነው፤ ውኃ ካላየሁ አገር የደረስኩ አይመስለኝም። ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፣ ልጆች ይዋኛሉ፣ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ያስራሉ። የዓሣው ሽታ ሲያውደኝ ደሴታችን ያለሁ መሰለኝ። ውኃው ግን ይሄዳል። የእኛ ውኃ ባለበት ነው፣ እዚያው ሲመሽና ሲነጋ ታየዋለህ፤ ባሮ ደግሞ ዞር ብሎም አያይህም።

በማግስቱ ወደ ቀጠረኝ ቢሮ ሄድኩ። ፎርሙን የሚሞላው ሰውዬ ከደጋ የመጣ፣ ሙቀቱ ያማረረው ነው።

«የትውልድ ቦታ?»

«ደሴት ነው።»

«ደሴት የሚባል ወረዳ የለም።»

«ሐይቅ መሐል ያለ ደሴት ማለቴ ነው።»

«ኢትዮጵያ ውስጥ?» አለና መነጽሩን አወለቀ። «ሰው ከዚህ ለመውጣት ነው ማመልከቻ የሚያስገባው። አንቺ ወደዚህ ለመግባት አስገባሽ። እዚያ የሠራሽው ነገር አለ?»

«የሚወልድ ሰው አጣሁ» አልኩት።

መነጽሩን መልሶ አጠለቀ። «እንግዲያው አይዞሽ» አለ፤ «እዚህ አታጪም።»

ቤት የተከራየሁት ኒውላንድ በሚባለው ሰፈር ነው። አከራዬ አቶ ጋትዌች የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛን በጎልማሳነታቸው ስለተማሩ ቃሉን አንድ በአንድ እየመረጡ ነው የሚናገሩት። ባቱ ተማሪ ሳለሁ አከራዮች «ልጅ የለሽም አይደል?» ብለው ነበር የሚጠይቁኝ። እኔም ያንን ለምጄ ገና ሳልጠየቅ «ባል የለኝም፣ ልጅ የለኝም፣ እንግዳ አላበዛም» አልኳቸው።

ፊታቸው ጠቆረ። «ልጅ የለም?»

«የለም።»

«የወንድም ልጅስ?»

«ከእኔ ጋር የለም።»

«ታዲያ ይሄ ቤት ውስጥ ማን ይጮኻል?» አሉ። «ዝም ያለ ቤት ጥሩ አይደለም። የታመመ ሰው ያለበት ይመስላል።»

አዋላጅ መሆኔን ስነግራቸው ግን ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። ችግሩን ራሳቸው ፈቱት፤ የልጅ ልጆቻቸው ደጃፌ ላይ እንዲጫወቱ አዘዙ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቤቴ ዝም ብሎ አያውቅም።

ሥራዬ ኩሌ ነው፤ ኢታንግ አጠገብ ያለው የስደተኞች መጠለያ። ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚያው እናድራለን። የመጀመሪያው ቀን ከመኪና ስወርድ በዓይኔ ሽማግሌ ፈለግሁ፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ ሰላም የምለው ትልቅ ሰው። የማየው ልጅ ነው። ልጅ ያዘለ ልጅ፣ ኳስ የሚያሯሩጥ ልጅ፣ ውኃ የሚቀዳ ልጅ፤ በመሐላቸው እናቶች አሉ፣ ጎልማሳ ወንድ ግን አልፎ አልፎ ነው። በማዋለጃ ክፍሉ አንዷን አስተኝተን ሌላዋ በር ላይ ትደርሳለች። እኔ ያለ ሥራ ከርሜ የመጣሁት፣ በሳምንቱ ድካሙ ሊጥለኝ ደረሰ።

ደግፋ ያቆመችኝ ኛሉዋል ናት። እሷ ራሷ ከደቡብ ሱዳን በእግሯ የመጣች ስደተኛ ናት፤ በማዋለጃ ክፍሉ ታስተረጉማለች፣ እናቶቹን ትደግፋለች። «ማሌ» ብሎ ሰላምታ መስጠትን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ከማሽላ ዱቄት የሚሠራውን ዋልዋል በወተት አድርጋ ያበላችኝም እሷ ናት። መጀመሪያ አልዋጥ አለኝ፤ እሷ ደግሞ የእኔን እንጀራ ቀምሳ «ይሄ የታመመ ነው እንዴ፣ ለምን ይኮመጥጣል?» አለችኝ። አሁን ተቀያይረን ነው የምንበላው። ስለ ደሴታችን ትጠይቀኝ ነበር። እኔም ሁልጊዜ «ምን አለ ብለሽ ነው፣ አሮጊት ብቻ» እላታለሁ።

በዚህ መሐል ከቤት አንድ ወሬ መጣ። የአባባ በየነ የልጅ ልጅ ደሳለኝ ከነሚስቱ ከባቱ ተመለሰ። የቤት ኪራይ አንገፍግፎት፣ ጦሙን ያደረውን የአያቱን እርከን በሽንኩርት ላልማው ብሎ የውኃ ሞተር ይዞ ገባ። ሚስቱ ሰናይት ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። እማዬ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ተቀይሮ ነበር። እኔ ግን ፈራሁ። ሰናይትን በስልክ አግኝቼ «ቀንሽ ሳይደርስ ተሻገሪ፣ ባቱ ተቀመጪ» አልኳት፣ እሺ አለችኝ። ምጡ ግን ቀኑን አልጠበቀላትም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጓንቴን ገና እያወለቅሁ እማዬ ደወለች።

«ብርቄ፣ ሰናይት ወለደች። ልጅቷ ደህና ናት፣ አልቅሳለች። እናቲቱ ግን ደሙ አልቆም አላት።»

«ጀልባስ?»

«ነፋሱ ተነስቷል። ባለሞተሩ ከማዶ ተነስቶ ሞገዱ መለሰው።»

«የእንግዴ ልጁ ወጥቷል?»

«ሙሉ ነው ትላለች አስካለ።»

«እጅሽን እምብርቷ አካባቢ አድርጊ። ምን ይመስልሻል?»

«እንደ ሊጥ ነው።»

«ማህፀኗ ነው፣ ማሸት ጀምሪ። በክብ፣ በኃይል፣ እንደ ድንጋይ እስኪጠጥር ድረስ አታቁሚ።»

«ያማታል እኮ፣ ትጮኻለች።»

«ትጩህ፣ እማዬ። ልጅቷን ጡት አስይዟት። ሽንቷንም ትሽና። እጅሽን እንዳታነሺ።»

ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ። ብደውል ብደውል «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» የምትለዋ ሴት ናት የምትመልስልኝ፤ ያን ቀን የዚያችን ሴት ያህል የጠላሁት ሰው የለም። ሌሎቹ ነርሶች ሥራዬን ተቀበሉኝ። ኔትወርክ ይሻላል ወደሚባለው ዛፍ ሥር ሄድኩ፣ ኛሉዋል ተከትላኝ መጣች። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት።

«ከሴትዮዋ ጋር ማን አለ?» አለችኝ።

«እናቴ አለች፣ እትዬ አስካለ አለች። አሮጊቶቹ ሁሉ አሉ።»

«ሁሉም?»

«የደሴቷ አሮጊቶች በሙሉ። ሌላ ምን አለን?»

ኛሉዋል ዛፉን ተደገፈች። «እኔ እዚህ ስወልድ አንድም አሮጊት አጠገቤ አልነበረችም» አለች። «እናቴ መንገዱን አልችልም ብላ እዚያ ቀረች። አሁን እኛ ብሎክ ውስጥ አንዲት አሮጊት አለች፤ የማንም ዘመድ አይደለችም። ልጅ ሲታመም ሁላችንም እሷ ጋ እንሮጣለን፣ የኔ ናት የኔ ናት እያልን እንጣላባታለን።» ቀጥላ «ያቺ የተወለደችው ልጅ ስንት አያት ነው ያላት!» አለች፣ ሀብታም ሰው ያየች ይመስል።

እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ከደሴቷ የወጣሁ ዕለት ዳሩ ላይ ቆመው ሳያቸው የቀሩ ሰዎች ነበር ያየሁት። አሁን በዓይነ ልቦናዬ በአንዲት አራስ ዙሪያ ተደርድረው ታዩኝ፤ አንዷ እግሯን ይዛለች፣ አንዷ ልጅቷን ታቅፋለች፣ አንዷ ታሻለች፣ አንዷ ትጸልያለች። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፣ ብቻዋን እንዳልሆነች ግን አወቅሁ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስልኩ ጠራ።

«ጠጠረ» አለች እማዬ። ትንፋሽ አጥሯታል። «እየተፈራረቅን አሸናት፣ ክንዳችን አለቀ። ደሙ ቀንሷል። ነፋሱም ወደቀ፣ ባለሞተሩ ደርሶ እየጫናት ነው።»

ኛሉዋል ፊቴን አይታ ስለገባት አንገቴን አቀፈችኝ። ሰናይት ባቱ ሆስፒታል ደም ተሰጣትና ሳምንት ሳይሞላ በእግሯ ወደ ጀልባው ገባች።

አሁን ልጅቷ መዳህ ጀምራለች። ክርስትና ከመነሳቷ በፊት እያንዳንዷ አሮጊት የየራሷን ስም አውጥታላት ስለነበር በየደጁ በተለያየ ስም ትጠራለች፣ ለሁሉም ዞር ትላለች አሉ። መቂ ያለው የእትዬ አስካለ ልጅም የእናቱን ቤት ጣሪያ ሊያይ ተሻግሮ ነበር፤ ምን እንደወሰነ አልተናገረም፣ ቆርቆሮ ግን ለክቷል። ለእኔም ዝውውር ጠይቂ የሚሉኝ አሉ። ልቤ ይሄዳል፣ ሰኞ ሲመጣ ደግሞ የኩሌ መኪና በር ላይ ጥሩምባ ይነፋል፣ ኛሉዋል ትጠብቀኛለች፣ የአቶ ጋትዌች የልጅ ልጆች ደጄ ላይ ይጮኻሉ። ማንኛውን ትቼ ማንኛውን እንደምይዝ አላውቅም።

ባለፈው እሑድ ከግቢያችን የማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ እማዬ ጋ ደወልኩ። ከጀርባዋ ጫጫታ ይሰማል፤ ሴቶቹ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልጅቷን ማን ይቀፍ በሚል እየተከራከሩ ነው። እማዬ ጤናዬን ጠየቀች፣ ሙቀቱን ጠየቀች፣ ልብዋ ግን እዚያ ነው። ድሮ እንዳልዘጋው ወሬ ትፈጥር የነበረችው እሷ ናት።

«ብርቄ፣ ልዝጋው» አለችኝ። «ተራዬ ደርሷል።»

ዘጋችው። ለፋሲካ እመጣለሁ ልላት ነበር የደወልኩት።