የጋሽ ውብሸት አረንጓዴ ደብተር

ባለፈው ሳምንት የልጄን የተገነጣጠለ የተረት መጽሐፍ ላስጠርዝ መሃል ከተማ ወርጄ ነበር። ፎቅ ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ጠራዡ የተቀቀለ የዱቄት ሙጫ ከቆርቆሮ በብሩሽ እየዛቀ ይለቀልቃል። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ ሰውየው ገጽ እንዳያጎድልብኝ የሚል ነበር። ተጠራጣሪ ነኝ፤ ከአባቴ የወረስኩት ነው። የሙጫው ሽታ፣ ያ ኮምጠጥ ያለ የዱቄት ሽታ፣ አፍንጫዬ ሲገባ ግን ጠራዡንም ገጹንም ረሳሁ። ጋሽ ውብሸት ትዝ አሉኝ።

አሥር ዓመቴ ነበር። ሞባይል ያለው ሰው እንዲታይለት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ የሚበላበት ጊዜ ነው። አባቴ እዚሁ ናይሮቢ ስምንት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት ነበረችው። ጋሽ ውብሸት ከቴሌቪዥኑ ሥር ያለችውን የጥግ ጠረጴዛ አይለቁም። የሸሚዛቸው ኪስ ሦስት እስክሪብቶ ይይዛል፤ ብብታቸው ሥር አረንጓዴ ልባስ ያለው ወፍራም ደብተር አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በቤተ ክርስቲያኑ የቆርቆሮ አዳራሽ ለእኛ ለናይሮቢ ልጆች ፊደልና ታሪክ ያስተምሩ ነበር።

የአዳራሹ ግድግዳ ላይ የሲሚንቶ ከረጢት ገልብጠው የቀጣጠሉት ረጅም ወረቀት ነበር። ከዳር እስከ ዳር በቀይ እስክሪብቶ መስመር አስምረውበታል። በመስመሩ ላይ ከአሮጌ መጽሔት የተቆረጡ ሥዕሎች ተራ በተራ ይለጠፋሉ፤ ጽሕፈት የተቀረጸበት የሸክላ ሰሌዳ፣ ፒራሚድ፣ የአክሱም ሐውልት፣ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን፣ የመጀመሪያው ማተሚያ ማሽን። ሙጫውን የምትቀቅልላቸው እናቴ ናት። የመስመሩ መጨረሻ ባዶ ነበር።

«ጋሼ፣ ላኪኒ እዚህ ጋ ምን ሊለጠፍ ነው?» አልኳቸው አንድ ቀን፤ «ግን» ለማለት የስዋሂሊው «ላኪኒ» ይቀናኝ ነበር።

«እየፈለግሁ ነው» አሉ። «እነዚህን ሁሉ የሠሩትን ሰዎች መጀመሪያ እናታቸው እሹሩሩ ብላቸዋለች። የሷን ስም ማን ጻፈው?»

መልሱ አልጣመኝም። አባቴንማ ጭራሽ አልጣመውም። ጋሽ ውብሸት ምግብ ቤቱ ውስጥ የሚገባውን ሁሉ ዘፈን ይጠይቁ ነበር፤ የሠርግ፣ የለቅሶ፣ የእሹሩሩ፣ የተገኘውን። ዘፈኑን ብቻ ቢጽፉ ኖሮ ማንም ቁብ አይሰጠውም። እሳቸው ግን ከላይ መስመር አስምረው ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ከማን እንደሰማኸው፣ ናይሮቢ መቼ እንደገባህ እያሉ ይሞላሉ። ፖሊስ መንገድ ላይ «ኪፓንዴ!» ባለ ቁጥር መታወቂያ የሌለው ሰው በጓሮ በር በሚሾልክበት ሰፈር፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ምን ሊባል እንደሚችል መቼም ግልጽ ነው።

«ጆሮ ጠቢ ነው» ይል ነበር አባቴ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ኪፓንዴ የሌለው ሰው የገባበትን ቀን ምን ያደርግለታል?»

አባቴ አገር ቤት ታላቅ ወንድሙን ያጣው በደብተር ሰበብ ነው። ስሙ ሰው ደብተር ላይ ተገኘ፣ መጥተው ወሰዱት፣ በዚያው ቀረ። ስለዚህ እኔም ሰላዩን መሰለል ጀመርኩ። ጋሽ ውብሸት በየሳምንቱ ፖስታ ቤት ይሄዳሉ፤ ያዝኩባቸው። ሰው ሲቀርባቸው ደብተሩን ይከድናሉ፤ ይኼንንም ያዝኩ። ቅዳሜ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ «ሀ ሁ» እያልኩ በልቤ ግን እያንዳንዱን እንቅስቃሴያቸውን እቆጥር ነበር ማለት ይቻላል።

አንድ ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየላጠች ታንጎራጉራለች። በሕፃንነቴ ያስተኛችኝ እሹሩሩ ነው፤ ረጅም፣ ራሷ ያወጣችው። ጋሽ ውብሸት ጄሪካን ላይ ተቀምጠው ይጽፋሉ። በትከሻቸው ላይ አጮልቄ አየሁ። ከላይ «ብርቄ» ይላል። የተወለደችበት ቦታ፣ በሞያሌ በኩል የገባችበት ወር፣ ሁሉም አለ። እናቴን ሊወስዷት ነው አልኩ።

ሽንኩርቱ ዓይናቸውን ቢያቃጥላቸው በፊት ለፊት ደጅ ወዳለው ቧንቧ ሊታጠቡ ወጡ። እናቴ ወደ ምድጃው ዞራለች። ደብተሩን ከሆምወርኬ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ በቀጥታ ለአባቴ ወስጄ ሰጠሁት። ገለጥ ገለጥ አደረገው። ዘፈኖቹን አላነበበም፤ ስሞቹን ብቻ ነው ያየው። የእናቴ ስም ላይ ሲደርስ ደብተሩን ከደነው። ከዚያ ጓሮ ካለው ጂኮ፣ ከከሰል ምድጃው ላይ ድስቱን አንስቶ ደብተሩን ከሰሉ ላይ አደረገው። ልባሱ ቶሎ አልያዘም፤ አባቴ በእንጨት ይጫነው ነበር። ኩራቴን አሁንም አስታውሰዋለሁ፤ እናቴን አድኛታለሁ።

ጋሽ ውብሸት ጠረጴዛ ሥር፣ ጄሪካኑ ኋላ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ሳይቀር ፈለጉ።

«ሜሮን፣ ደብተሬን አላየሽም?»

«ኧረ አላየሁም፣ ጋሼ።»

ረጅም ጊዜ አዩኝና «እሺ» አሉ። ሂሳባቸውን ከፍለው ወጡ። ዳግመኛ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አልተቀመጡም፤ እኔም የቅዳሜውን ትምህርት ቀረሁ። ከጥቂት ቅዳሜዎች በኋላ ከናይሮቢም ሄደዋል ተባለ።

እናቴ የዚያኑ ቀን ከከሰሉ ላይ የልባሱን ቁራጭ አገኘች። «ስማችንን የጻፈው እኮ ዘፈኑ የማን እንደሆነ እንዳይጠፋ ነው» አለችው አባቴን። «የልጅህን እሹሩሩ ነው ያቃጠልከው።» አባቴ «እኔ ምን አውቄ?» አለ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ስታንጎራጉር ሰምቻት አላውቅም። እኔም አፍሬ ጠይቄያት አላውቅም። ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ሞተች።

ከሁለት ዓመት በፊት ያ የቆርቆሮ አዳራሽ ሊፈርስ ነው ሲባል ሄድኩ። የሲሚንቶ ወረቀቱ አሁንም ግድግዳው ላይ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ግን በየዓመቱ የጾም ካላንደር ሲለጣጠፍበት ኖሯል። ዘበኛውን ወረቀቱን መውሰድ እችል እንደሆነ ብጠይቀው «ቹኩዋ ቱ» አለኝ፤ ዝም ብለሽ ውሰጂ ማለቱ ነው። ካላንደሮቹን አንድ በአንድ ላጥኩ። ከማተሚያ ማሽኑ ቀጥሎ፣ ባዶ ነው ብዬ በማስበው ቦታ፣ የጋሽ ውብሸት እጅ ጽሑፍ ነበር።

የብርቄ እሹሩሩ፣ ናይሮቢ።
እሹሩሩ ልጄ፣ እንቅልፍ ይውሰድሽ፣
ድንበር ያሻገረሽ ክንዴ ነው አልጋሽ።
በቃሌ የያዝኩት ይህን ብቻ ነው። ቀሪውን ሜሮን ከእናቷ ጠይቃ ትጻፍ።

ያውቁ ነበር። ደብተሩን የወሰድኩት እኔ መሆኔን አውቀው ሥራውን ለእኔ ትተውልኝ ሄዱ። እናቴ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች።

ወረቀቱ አሁን ኢምባካሲ ሰፈር ባለው ቤቴ፣ የልጄ አልጋ ራስጌ ተሰቅሏል። ማታ ማታ ሁለቱን ስንኝ እልላታለሁ፣ ከዚያ ዜማውን ብቻ አንጎራጉራለሁ። አራት ዓመቷ ነው፤ አትለቀኝም።

«ከዚያስ፣ እማዬ?» ትለኛለች።

ቀሪው የት እንደቀረ እስካሁን አልነገርኳትም።